«ይክፈሉ» ከተጫነ በኋላ፦ በበተን ላይ የሎዲንግ ማሳያ አሠራር ከሀ እስከ ፐ

ደንበኛዋ «ይክፈሉ» የሚለውን በተን ጫነች። ስክሪኑ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ኔትወርኩ ይሆናል ብላ ትንሽ ጠበቀች፤ አሁንም ዝም። ደግማ ጫነችው። ከአፍታ በኋላ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ከፍላ ተገኘች።

ሰርቨሩን ብንጠይቀው ጥፋት የለብኝም ይላል። ሁለት ጥያቄ መጣለት፣ ሁለቱንም አስተናገደ። የመጀመሪያው ጥፋት የበተኑ ነው። ሲጫን «ሰምቻለሁ፣ እየሠራሁ ነው» ማለት ሲገባው ዝም አለ።

ለዚህ ሁሉም የሚያውቀው መድኃኒት የምትሽከረከረዋ ክብ ናት፤ ስፒነር። እሷን ከኢንተርኔት ኮፒ አድርጎ በተን ውስጥ መለጠፍ ቀላል ነው። ግን ስፒነሯ እያለችም ሰው ሁለት ጊዜ የሚከፍልበት ዌብሳይት ሞልቷል። ክቧ ስትዞር ውላ ስትዞር የምታድርበትም አለ። ክቧ ጌጥ ናት። ዋናው ሥራ በተኑ መቼ እንደሚቆለፍ፣ መቼ እንደሚከፈትና ምን ብሎ እንደሚከፈት መወሰን ነው። እኔም እዚህ ላይ ብዙ የምቆየው እዚያ ላይ ነው።

ምሳሌያችን አንዲት ትንሽ የኦንላይን ሱቅ ትሁን። ስም፣ ስልክ ቁጥርና አድራሻ የሚሞላበት ፎርም አላት፤ ከታች «ይክፈሉ» የሚል በተን። ፍሬምወርክ (ተዘጋጅቶ የቀረበ የኮድ ማዕቀፍ) የለም፤ ተራ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት ብቻ። ሪአክት ወይም ሌላ ነገር የምትጠቀሙ ከሆነ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ወደ መጨረሻው ጥቂት እላለሁ። የኮድ ቃላቱን እንደምንጠራቸው በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ ኤዲተራችሁ ላይ በተለመደው አጻጻፋቸው አስገቧቸው።

1. በተኑ ሎዲንግ ያስፈልገዋል ወይ?

ሁሉም በተን አያስፈልገውም። ሜኑ የሚከፍት፣ ታብ የሚቀይር፣ የዕቃ ብዛት በአንድ የሚጨምር በተን እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ ወዲያው ይጨርሳል። እሱ ላይ ስፒነር መጨመር ፈጣኑን ነገር ዘገምተኛ ማስመሰል ነው።

መለኪያ ለሚፈልግ፣ የኮምፒውተር አጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያስቀመጣቸው ሦስት ቁጥሮች ዛሬም ያገለግላሉ። እስከ 0.1 ሰከንድ ድረስ ነገሩ ወዲያው የሆነ ይመስለናል። እስከ 1 ሰከንድ መዘግየቱ ይሰማናል፣ ሐሳባችን ግን አይቋረጥም። ትኩረታችንን ይዘን የምንጠብቀው እስከ 10 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ታብ እንከፍታለን።

እንግዲህ ከሰርቨር ጋር የሚነጋገር በተን ሁሉ ሎዲንግ ይፈልጋል ብላችሁ ተነሱ። ቢሮ ዋይፋይ ላይ 200 ሚሊሰከንድ የፈጀ ጥያቄ፣ ሞባይል ዳታ በሚቆራረጥበት ሰፈር ብዙ ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። እናንተ ላፕቶፕ ላይ አለማየታችሁ የለም ማለት አይደለም።

ከ10 ሰከንድ በላይ እንደሚወስድ ካወቃችሁ ግን በተን ውስጥ ያለች ክብ አትበቃም። ክፍያው ደንበኛዋ ስልኳ ላይ ፒን እንድታስገባ የሚጠይቅ ከሆነ፣ «ስልክዎ ላይ የመጣውን ጥያቄ ያረጋግጡ» የሚል ገጽ አሳዩ። ፋይል የሚጫን ከሆነ ስንት ፐርሰንት እንደደረሰ አሳዩ።

2. ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሁኔታዎቹን ለዩ

የክፍያ በተናችን አራት ሁኔታ አለው፦ ዝግጁ፣ በሥራ ላይ፣ ተሳክቷል፣ አልተሳካም። ወረቀት ላይ ጻፏቸውና ከየትኛው ወደየትኛው መሄድ እንደሚቻል በቀስት አገናኙ። ከ«ተሳክቷል» ወደ «ዝግጁ» የሚመለስ ቀስት እንደሌለ ልብ በሉ። የተከፈለ ተከፍሏል።

ኮዱ ውስጥ ይህን በአንድ ቬሪያብል ያዙት። «ሎዲንግ ነው?» «ስህተት አለ?» «ተሳክቷል?» የሚሉ ሦስት የእውነት-ሐሰት ቬሪያብሎች ስትፈጥሩ፣ አንድ ቀን ሦስቱም በአንድ ጊዜ «እውነት» ይሆኑና በተኑ ምን እንደሚያሳይ ለራሳችሁም ግራ ይገባችኋል። አንድ ቬሪያብል፣ አራት ዋጋ። በቃ።

3. ኤችቲኤምኤሉ

በተኑ እውነተኛ የበተን ታግ ይሁን። ዲቭ (ተራ ሳጥን የሆነ ታግ) ላይ ክሊክ አንጠልጥሎ በተን ማስመሰል በኪቦርድ የሚሠራውን ሰው ይጎዳል፤ ያለ ምንም ጥቅም። ታይፑን «ሰብሚት» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። እዚያው ፎርም ውስጥ ያሉት ሌሎች በተኖች፣ ለምሳሌ «ኩፖን ጨምር» የሚለው፣ ታይፓቸው «በተን» መሆን አለበት። ፎርም ውስጥ ያለ በተን ታይፕ ካልተሰጠው በነባሪው ሰብሚት ነው፤ ኩፖን ልትጨምር የነበረችው ደንበኛ ሳታስበው ክፍያ ትልካለች።

በተኑ ውስጥ ሁለት ስፓን (ጽሑፍ የሚይዝ ታግ) አስገቡ። አንደኛው «ይክፈሉ» የሚለውን ጽሑፍ ይይዛል። ሁለተኛው ስፒነሯንና «በመክፈል ላይ…» የሚለውን ይይዛል። ስፒነሯ ራሷ ባዶ ስፓን ናት፤ ኤሪያ ሂደን የሚለውን አትሪቢዩት «ትሩ» አድርጉላት። ዓይነ ስውር ተጠቃሚ በስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ሲያነብ ክቧ ምንም አትነግረውም፤ የሚነግረው ጽሑፉ ነው።

ብዙዎች ጽሑፉን አጥፍተው ክቧን ብቻ ይተዋሉ። እኔ አልወደውም። ክብ ብቻዋን ስትዞር ምን እየሆነ እንደሆነ አትናገርም። «በመክፈል ላይ…» ግን ይናገራል።

ከበተኑ ውጭ፣ ከሥሩ፣ አንድ ባዶ ፓራግራፍ አስቀምጡና ሮሉን «ስቴተስ» አድርጉ። ወደፊት መልእክት የምናስገባው እዚህ ነው። ፓራግራፉ ገጹ ሲከፈት ጀምሮ መኖር አለበት። መልእክቱ ሲያስፈልግ አብሮ ከተፈጠረ፣ አንዳንድ ስክሪን ሪደር ሳያነበው ያልፋል።

4. ስፒነሯና የበተኑ ስፋት

ስፒነሯን ለመሥራት ምስል አያስፈልግም። ስፓኗን ኢንላይን ብሎክ አድርጉ፤ አለበለዚያ ስፋትና ቁመት አይሠራላትም። ስፋትና ቁመቷ 1 ኤም ይሁን። ቦርደሯ 2 ፒክስል፣ ሶሊድ፣ ቀለሙ ከረንት ከለር። የቀኝ ቦርደሯን ቀለም ትራንስፓረንት አድርጉ። ቦርደር ሬዲየሷ 50 ፐርሰንት። ከዚያ ኪፍሬምስ ጻፉ፤ መድረሻው ላይ ትራንስፎርም ሮቴት 360 ዲግሪ። አኒሜሽኑ 0.8 ሰከንድ፣ ሊኒየር፣ ኢንፊኒት።

ኤም የመረጥኩት ክቧ ከበተኑ የጽሑፍ መጠን ጋር አብራ እንድታድግና እንድታንስ ነው። ከረንት ከለር ደግሞ የጽሑፉን ቀለም ይወስዳል። በተኑ ሰማያዊ ሆኖ ጽሑፉ ነጭ ከሆነ ክቧም ነጭ ናት፤ ነገ ዲዛይነሩ ቀለሙን ቢቀይር እናንተ የምትነኩት ነገር የለም።

ጂአይኤፍ ምስል ከመጠቀም ይህ የሚሻልበት ሌላም ምክንያት አለ። በትራንስፎርም የሚሠራ የሲኤስኤስ አኒሜሽን አብዛኛውን ጊዜ ከጃቫስክሪፕቱ ተለይቶ ነው የሚሄደው፤ ገጹ ትንሽ ሥራ ቢበዛበት ክቧ አትንቀጠቀጥም። ግን አንድ ነገር እወቁ። ሁኔታውን ወደ «በሥራ ላይ» ከቀየራችሁ በኋላ እዚያው ከባድ ስሌት ብታስጀምሩ፣ ብሮውዘሩ ክቧን ለመሳል ዕድል ስለማያገኝ ጭራሽ አትታይም። ከባዱን ሥራ ወደ ዌብ ዎርከር (ከገጹ ተለይቶ ወደሚሠራ ጃቫስክሪፕት) ውሰዱት፣ ወይም ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲስል ፋታ ስጡት።

አሁን ስፋቱ። «ይክፈሉ» አጭር ነው፣ «በመክፈል ላይ…» ረጅም ነው። ዝም ብላችሁ አንዱን በሌላው ከተካችሁ በተኑ ድንገት ይለጠጣል፤ አጠገቡ ያለው «ሰርዝ» የሚል በተን ወደ ጎን ይሸሻል። ሁለተኛ ልትጫን የነበረችው ጣት «ሰርዝ» ላይ ታርፋለች። ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

መፍትሔው በግሪድ ነው። በተኑን ኢንላይን ግሪድ አድርጉት። ሁለቱንም ስፓኖች አንድ ሴል ውስጥ፣ አንደኛ ረድፍ አንደኛ ዓምድ፣ አስገቧቸው። ፕሌስ አይተምስ ሴንተር። አሁን አንዱ በሌላው ላይ ተደርበዋል፤ የበተኑ ስፋት የሚለካው ከሁለቱ በረጅሙ ነው። የማይፈለገውን በቪዚቢሊቲ ሂደን ደብቁት። ዲስፕሌይ ነን አትጠቀሙ፤ እሱ ቦታውንም ጭምር ያጠፋዋል። ቪዚቢሊቲ ሂደን ቦታውን እንዳለ ያቆየዋል፣ ጽሑፉን ግን ከስክሪን ሪደርም ይደብቃል። የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ዋይት ስፔስ ኖራፕ ጨምሩበት፤ አማርኛው ሁለት መስመር ላይ ተሰብሮ በተኑን እንዳያሳድገው።

የትኛው ስፓን ይታይ የሚለውን በዴታ አትሪቢዩት ተቆጣጠሩት። በተኑ ላይ ዴታ ስቴት የሚል አትሪቢዩት ይኑር፤ ጃቫስክሪፕቱ ዋጋውን ብቻ ይቀይራል፣ የቀረውን ሲኤስኤሱ ይሠራል።

እንቅስቃሴ የሚያዞራቸው ሰዎች አሉ። ስልካቸው ላይ እንቅስቃሴ ይቀነስልኝ የሚለውን ሴቲንግ ያበራሉ። ፕሪፈርስ ሪዱስድ ሞሽን በሚለው ሚዲያ ኩዌሪ ለእነሱ ክቧን አቁሙላቸው ወይም በዝግታ ደብዘዝ ፈካ እንድትል አድርጉ። ጽሑፉ ስላለ የሚጎድልባቸው ነገር የለም። የዊንዶውስ ከፍተኛ ንፅፅር ሁነታ ላይም እንዲሁ ነው። እዚያ ትራንስፓረንት ያደረግነው ቦርደር ቀለም ይሰጠዋል፣ ክቧ ሙሉ ቀለበት ትሆናለች፣ መዞሯም አይታወቅም። አሁንም ጽሑፉ ያድነናል።

5. ጃቫስክሪፕቱ፦ ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው

መጀመሪያ የት ላይ ነው የምናዳምጠው? ብዙ ቱቶሪያል የበተኑ ክሊክ ላይ ነው። እዚህ አይሠራም። ደንበኛዋ የግድ መሞላት ያለበትን (ሪኳየርድ የተባለውን) ስልክ ቁጥር ሳታስገባ በተኑን ብትጫን፣ ብሮውዘሩ ፎርሙን ከማጣራቱ በፊት ክሊኩ ይደርሳችኋል። ስፒነሯ ትጀምራለች፣ ብሮውዘሩ ፎርሙን አይልክም፣ ስፒነሯ ለዘላለም ትዞራለች። ፎርሙ ላይ ሰብሚት የሚለውን ኢቨንት አዳምጡ። እሱ የሚመጣው ፎርሙ ተጣርቶ ካለፈ በኋላ ነው። ኢንተር ተጭኖ ሲላክም ይመጣል።

ውስጡ የሚሠራው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦

1. ፕሪቨንት ዲፎልት ጥሩ፤ ገጹ እንዳይሄድ።
2. ሁኔታው «በሥራ ላይ» ወይም «ተሳክቷል» ከሆነ እዚያው ተመለሱ። መቆለፊያው ይህች መስመር ናት።
3. ፎርም ዴታውን ሰብስቡ።
4. ሁኔታውን «በሥራ ላይ» አድርጉ፤ ከሥር ያለው ፓራግራፍ ላይ «ክፍያዎ እየተላከ ነው» ብላችሁ ጻፉ።
5. ትራይ ውስጥ ገብታችሁ በፌች (ለሰርቨር ጥያቄ በሚልከው ፋንክሽን) ላኩ፤ በአዌይት ጠብቁ።
6. የመልሱን ኦኬ (መሳካት አለመሳካቱን የሚናገረውን ዋጋ) ፈትሹ።
7. ካች (ስህተት ሲፈጠር የሚሠራው ክፍል) ውስጥ ያልሆነውን ያዙ።

ሦስተኛውና አራተኛው ቦታ ቢለዋወጡ ምን ይሆናል? ሎዲንግ ላይ ሳላችሁ የፎርሙን ሳጥኖች ዲሴብልድ የምታደርጉ ከሆነ፣ ዲሴብልድ የሆነ ሳጥን ፎርም ዴታ ውስጥ አይገባም። ሰርቨሩ ባዶ ትእዛዝ ይደርሰዋል። መጀመሪያ ሰብስቡ፣ ከዚያ ቆልፉ።

ስድስተኛውን የሚረሳው ብዙ ነው። ፌች ሰርቨሩ 404 (አልተገኘም) ወይም 500 (የሰርቨር ብልሽት) ቢመልስም ስህተት ነው ብሎ አይጮህም፤ ለእሱ መልስ ከመጣ መልስ ነው። ካች ውስጥ የሚገባው ኔትወርኩ ሲቋረጥ ወይም ጥያቄው ሲሰረዝ ነው። ስለዚህ ኦኬ የሚለውን ራሳችሁ ካላያችሁ፣ ሰርቨሩ «አልተቻለም» ያለውን ክፍያ «ተሳክቷል» ብላችሁ ታበስራላችሁ። መልሱን እንደ ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት አጻጻፍ) የሚያነበውንም መስመር ትራይ ውስጥ አስገቡት። ሰርቨር ሲበላሽ ጄሰን በመላክ ፈንታ የኤችቲኤምኤል ገጽ ሊልክ ይችላል፤ ያኔ ማንበቡ ራሱ ይወድቃል።

አሁን ስለ ፋይናሊ። የተለመደው ምክር «በተኑን ፋይናሊ ውስጥ መልሱት፤ ቢሳካም ባይሳካም ይከፈታል» ነው። «ለውጡን አስቀምጥ» ለሚል በተን ጥሩ ምክር ነው። ለክፍያ ግን ወጥመድ ነው። ክፍያው ተሳካ፣ ደንበኛዋ ወደ ማረጋገጫ ገጽ እየተወሰደች ነው፣ ያ ገጽ እስኪከፈት ሁለት ሦስት ሰከንድ አለ። ፋይናሊ በተኑን ከከፈተው በዚያ ክፍተት «ይክፈሉ» ተመልሶ ይታያል፤ የቸኮለ ጣት ደግሞ ይጫነዋል። ስለዚህ ወደ «ዝግጁ» የምትመለሱት ካልተሳካ ብቻ ነው። ከተሳካ «ተከፍሏል» በሉና ተቆልፎ ይቆይ።

6. ዲሴብልድ ወይስ ኤሪያ ዲሴብልድ?

በተኑን ለመቆለፍ ቀላሉ መንገድ ዲሴብልድ የሚለው አትሪቢዩት ነው። ይሠራል። ችግሩ በኪቦርድ የሚሠራ ሰው በተኑ ላይ ቆሞ ኢንተር ሲጫን፣ በተኑ ዲሴብልድ ይሆንና ፎከሱን (ኪቦርዱ ያረፈበትን ቦታ) ያጣል። በተኑ ሲከፈት የነበረበት ቦታ አይመለስም፤ በታብ እንደገና መፈለግ አለበት። ስክሪን ሪደር ለሚጠቀም ሰው ደግሞ በተኑ ከእጁ የጠፋ ያህል ነው።

ኤሪያ ዲሴብልድ «ትሩ» ስታደርጉት ስክሪን ሪደሩ «አይሠራም» ብሎ ያሳውቃል፣ ፎከሱ ግን ባለበት ይቆያል። ልብ በሉ፣ ይህ አትሪቢዩት መጫኑን አይከለክልም። መከልከል የእናንተ ሥራ ነው፤ ያቺ ሁለተኛዋ መስመር የምትሠራው ይህንን ነው። መልኩንም ራሳችሁ ማደብዘዝ አለባችሁ። እኔ ለእንደዚህ ዓይነት በተን ሁልጊዜ የምመርጠው ኤሪያ ዲሴብልድን ነው።

ፖይንተር ኢቨንትስ ነን ብላችሁ በሲኤስኤስ ብቻ ለመቆለፍ አትሞክሩ። ማውሱን ይከለክላል፣ ኪቦርዱን አይከለክልም። ኤሪያ ቢዚ («ሥራ ላይ ነኝ» የሚለው አትሪቢዩት) ብቻውንም ብዙ አይናገርም፤ የሚናገርልን ያ ስቴተስ የተባለው ፓራግራፍ ነው።

ዲሴብልድ ጃቫስክሪፕት ሳይገባበት በቀጥታ በሚላክ ፎርም ላይም ያስቸግራል። ፎርሙ ላይ «አጽድቅ» እና «ውድቅ አድርግ» የሚሉ ሁለት በተኖች ቢኖሩና ሰርቨሩ የትኛው እንደተጫነ የሚያውቀው በበተኑ ስም ቢሆን፣ ሰብሚቱ ላይ የተጫነውን በተን ዲሴብልድ ካደረጋችሁት ስሙ አብሮ አይላክም። ሰርቨሩ ምን እንደተወሰነ አያውቅም።

7. ወዲያው ቆልፉ፣ ማሳየቱን ግን እንደ ነገሩ

መቆለፍና ማሳየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መቆለፉ ከመጀመሪያዋ ቅጽበት መሆን አለበት። ስፒነሯን ማሳየት ግን አንዳንዴ ትንሽ ቢዘገይ ይሻላል። ፍለጋ ወይም ማጣሪያ ላይ መልሱ በ100 ሚሊሰከንድ ከመጣ፣ ክቧ ብልጭ ብላ ትጠፋለች፤ ዓይን ይረብሻል። እዚያ ላይ 200 ሚሊሰከንድ ያህል ጠብቃችሁ መልስ ካልመጣ ብቻ አሳዩ። አንዴ ከታየች ደግሞ ቢያንስ 400 ሚሊሰከንድ ትቆይ። ቁጥሮቹ የእኔ ልማድ ናቸው፤ በዓይናችሁ አይታችሁ አስተካክሉ።

ክፍያ ላይ ግን አላዘገይም። ብር የሚልክ ሰው በተኑ ወዲያው እንዲመልስለት ይፈልጋል።

8. ሦስተኛው መውጫ፦ ዝምታ

የተሳካውንና ያልተሳካውን አየን። ከሁለቱም የሚከፋው መልስ ጨርሶ ያልመጣበት ነው።

ፌች የራሱ የጊዜ ገደብ የለውም። ብሮውዘሩ ወይም ኔትወርኩ እስኪቆርጠው ይጠብቃል፤ ያ ደግሞ በጣም ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ገደቡን እናንተ ስጡት። አቦርት ሲግናል ታይምአውት የሚለውን ፌች ላይ ሲግናል አድርጋችሁ አስገቡ። ለክፍያ 30 ሰከንድ ተገቢ ይመስለኛል። ጊዜው ሲያልፍ ካች ውስጥ ታይምአውት ኤረር የሚል ስህተት ይደርሳችኋል። ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚደርሳችሁ ግን ታይፕ ኤረር ነው።

እና ደንበኛዋን ምን እንበላት? «ክፍያው አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» ማለት ያምረናል። አትበሉ። ጥያቄው ሰርቨር ደርሶ፣ ብሩ ተቆርጦ፣ መልሱ ሲመለስ መንገድ ላይ የጠፋ ሊሆን ይችላል። እናንተ ጋ ጥያቄውን መሰረዝ ሰርቨሩ የሠራውን አይመልስም። ኔትወርክ መቋረጡም እንዲሁ ነው፤ ከመድረሱ በፊት ይቋረጥ ከደረሰ በኋላ፣ ከዚህ በኩል አይታወቅም። የ500 መልስም ቢሆን ገንዘብ ላይ አስተማማኝ «አልሆነም» አይደለም። ቁርጥ ያለ «አልሆነም» የሚባለው ሰርቨሩ ራሱ «ስልክ ቁጥሩ ስህተት ነው» ወይም «ሒሳብዎ በቂ አይደለም» ብሎ ሲመልስ ነው።

ስለዚህ ለዝምታው የተለየ መልእክት ይኑር፦ «የክፍያዎን ውጤት ገና አላወቅንም። እያጣራን ነው፤ እባክዎ ደግመው አይክፈሉ።» ከዚያ ኮዱ የትእዛዙን ሁኔታ ሰርቨሩን ይጠይቅ። ተከፍሎ ከሆነ ወደ ማረጋገጫ ገጽ ይውሰዳት። ካልተከፈለ በተኑ ይከፈት።

ይህ እንዲሠራ እያንዳንዱ ክፍያ መለያ ያስፈልገዋል። ገጹ ሲከፈት በክሪፕቶ ራንደም ዩዩአይዲ አንድ መለያ ፍጠሩ፤ ኤችቲቲፒኤስ ላይ እንደሚሠራ አትርሱ። ይህን መለያ ከፎርሙ ጋር ላኩ። ሰርቨሩ ዳታቤዝ ላይ መለያው በሚቀመጥበት ዓምድ ዩኒክ የሚል ገደብ ያድርግ። ሁለተኛ ጥያቄ በዚያው መለያ ሲመጣ አዲስ ክፍያ አይጀምርም፤ የመጀመሪያውን ውጤት ይመልሳል። ደንበኛዋ ደግማ ስትሞክር መለያው ያው ይሁን። አዲስ መለያ የሚፈጠረው ትእዛዙ ሲለወጥ ወይም ሰርቨሩ ቁርጥ አድርጎ «አልሆነም» ሲል ነው።

ትልልቆቹ የክፍያ አገልግሎቶች ይህን ያውቃሉ። ስትራይፕ አይደምፖተንሲ ኪ የሚል ሄደር አለው። አገራችን ውስጥ በቻፓ የምትሠሩ ከሆነ ቲኤክስ ሬፍ የሚለው ለእያንዳንዱ ግብይት የተለየ መሆን ያለበት መለያ ነው። እዚህ ላይ የምትሠሩትን ስህተት ልንገራችሁ፤ ፋንክሽኑ በተጠራ ቁጥር አዲስ ቲኤክስ ሬፍ ማመንጨት። ሁለት ጊዜ ሲጫን ሁለት መለያ ይፈጠራል፣ ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፣ ሁለቱም ያልፋሉ። መለያው የትእዛዙ እንጂ የክሊኩ አይሁን።

በተኑ ሙሉ በሙሉ ቢበላሽ እንኳ ይህ ይይዘዋል። ፍሮንትኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ) ላይ የምናደርገው መቆለፍ ለተጠቃሚው ምቾት ነው። ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል የሚያረጋግጠው ሰርቨሩ ነው።

9. ወደ ኋላ ስትመለስ

ደንበኛዋ ከፍላ ማረጋገጫ ገጽ ደረሰች፤ ከዚያ የብሮውዘሩን የኋላ ቀስት ጫነች። ዘመናዊ ብሮውዘሮች ገጹን እንደነበረ ከሜሞሪ ያወጡታል። በተኑ እንደተቆለፈ፣ ምናልባትም ክቧ እየዞረች ይገኛል። ይህን ለመያዝ ፔጅሾው የሚለውን ኢቨንት አዳምጡ። ፐርሲስትድ የሚለው «ትሩ» ከሆነ ገጹ ከሜሞሪ ነው የመጣው። ያኔ ዝም ብላችሁ በተኑን አትክፈቱ፤ የትእዛዙን ሁኔታ ጠይቃችሁ ትክክለኛውን አሳዩ።

ፋየርፎክስ ደግሞ ገጹ ሪፍሬሽ ሲደረግም በተኑ ዲሴብልድ እንደነበረ በማስታወስ ይታወቃል። ዲሴብልድ የምትጠቀሙ ከሆነ በተኑ ላይ አውቶኮምፕሊት «ኦፍ» አድርጉ።

10. ፍሬምወርክ ለምትጠቀሙ

ቡትስትራፕ 5 ውስጥ ስፒነር ቦርደር እና ስፒነር ቦርደር ኤስኤም የሚሉ ክላሶች አሉ፤ የክቧን ሲኤስኤስ መጻፍ አያስፈልጋችሁም። ላራቬል ላይ ላይቭዋየር የምትጠቀሙ ዋየር ሎዲንግ አላችሁ። ሬይልስ ላይ ቱርቦ ፎርሙ ሲላክ የበተኑን ጽሑፍ የሚቀይር ዴታ አትሪቢዩት አለው። ሪአክት 19 ላይ ዩዝ ፎርም ስቴተስ ፎርሙ እየተላከ መሆኑን ይነግራችኋል፤ ግን ፎርሙ ውስጥ ያለ ኮምፖነንት ውስጥ ካልተጠራ አይሠራም። ፎርሙን ራሱን በሚሠራው ኮምፖነንት ውስጥ ጠርተው «ለምን ሁልጊዜ ፎልስ ይላል?» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሁሉም ሎዲንጉን ለማሳየት ይረዷችኋል። የጊዜ ገደቡን፣ መለያውንና የዝምታውን መልእክት ማንም አይሰጣችሁም።

11. ሆን ብላችሁ አበላሹት

ላፕቶፓችሁ ላይ ሁሉም ነገር በቅጽበት ስለሚያልቅ ሎዲንጉን ላታዩት ትችላላችሁ። የክሮም ዴቨሎፐር ቱልስ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ታብ ክፈቱና ፍጥነቱን ወደ 3ጂ ዝቅ አድርጉ። ወይም ሰርቨሩ ላይ ለጊዜው የ5 ሰከንድ መዘግየት አስገቡ፤ ማውጣቱን እንዳትረሱ።

ከዚያ በተኑን በፍጥነት ደጋግማችሁ ጫኑት። በኢንተርም ሞክሩት፣ ማውሱን ትታችሁ በኪቦርድ ብቻ። ፎርሙን ሳትሞሉ ጫኑት፤ ክቧ መጀመር የለባትም። ክቧ እየዞረች ሳለ ኔትወርኩን ኦፍላይን አድርጉና ምን መልእክት እንደሚመጣ አንብቡ። ሰርቨሩ 500 እንዲመልስ አድርጉት። የአንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክን (የአንድሮይድን ስክሪን ሪደር) አብሩና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ክፈሉ፤ «ክፍያዎ እየተላከ ነው» የሚለውን ካልሰማችሁ ፓራግራፉ ዘግይቶ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ብሮውዘሩን ትታችሁ ሁለት ጥያቄ በአንድ መለያ፣ በተመሳሳይ ቅጽበት፣ በቀጥታ ወደ ኤፒአዩ (ሰርቨሩ ጥያቄ ወደሚቀበልበት አድራሻ) ላኩ። ዳታቤዙን ክፈቱና ረድፎቹን ቁጠሩ። ሁለት ካገኛችሁ ዩኒክ የሚለው ገደብ አልተጻፈም፤ ኮዱም መጀመሪያ «አለ ወይ?» ብሎ ጠይቆ ቀጥሎ የሚጽፍ ከሆነ፣ በመሃል ሁለተኛው ሾልኮ ይገባል። መጀመሪያ እንዲጽፍ አድርጉት፤ ዳታቤዙ እምቢ ካለ ያኔ የቀድሞውን ውጤት ፈልጎ ይመልስ።